ለሥነ ሕይወት ተማሪዎች፦ «ዘሯ ነው» ከማለታችሁ በፊት

በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ሥነ ሕይወት የምታጠኑ ልጆቼ ሆይ፤

በአገራችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። ሥነ ሕይወት ባስተማርኩባቸው ዘመናት ብዙ ተማሪዎች በዘር የሚወረስ ጠባይን ሁሉ በዚሁ ተረት ሲደመድሙት ሰምቻለሁ። እኔ የምመክራችሁ ግን አንድ ዘረመል በጠባይ ላይ ይሠራል ሲባል የት፣ መቼና በምን ተቀስቅሶ እንደሚሠራ ሳትጠይቁ እንዳታልፉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች «ፎስ ቢ» የተባለው ዘረመል የጎደላቸውን አይጦች አጠኑ። እናቶቹ ወተት አላቸው፤ ማሽተትም አላቃታቸውም፤ ልጆቻቸውን ቀርበው ካሸተቱ በኋላ ግን ትተዋቸው ይሄዳሉ። ጤነኛዋ አይጥ የተበተኑ ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ አንሥታ ወደ ጎጆዋ ትሰበስባለች፤ በላያቸው ሆናም ታሞቃቸዋለች፤ የእነዚያኞቹ ልጆች ግን አብዛኞቹ በተወለዱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሞታሉ። ተመራማሪዎቹ ድክመቱ የልጆቹ ሊሆን ይችላል ብለው ስለጠረጠሩ ለጤነኛ እናት ሰጧቸው፤ አደጉም። ጥርጣሬን እንዲህ በሥራ መፈተን ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ በፊት እንድትለምዱት የምመኘው ነገር ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን በጤነኛዋ አይጥ አንጎል ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ በተባለው ክፍል የፊት ጎን፣ ይህ ዘረመል የሚቀሰቀሰው ከልጆች ጋር ስትገናኝ መሆኑ ነው። ጥጃዋ የሞተባት ላም አልታለብ ስትል፣ የገጠሩ ሰው ቆዳውን ጭድ ሞልቶ ከፊቷ ሲያቆምላት እየላሰችው እንደምትታለብ የምታውቁ ትኖራላችሁ፤ በእርሷም ዘንድ እናትነትን የሚያነቃው የልጅ ጠረን ነው። እንግዲህ ዘርንና ኑሮን ለይቶ «ይህ የዚህ፣ ያ የዚያ» ማለት እንዴት ይቻላል? በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ በአይጠ መጎጥ ላይ የተደረገው ጥናትም፣ ልጆቿን እምብዛም ከማትልስ እናት ተወልደው አብዝታ የምትልስ እናት ያሳደገቻቸው ሴቶች፣ ሲወልዱ እንደ አሳዳጊያቸው አብዝተው እንደሚልሱ አሳይቷል።

ይህ ሁሉ የእንስሳት ግኝት ነው፤ ሰው ላይ እንዳትለጥፉት እለምናችኋለሁ። በሰፈራችሁ ወልዳ ልጇን ማቀፍ ያቃታት ሴት ብታዩ ዘሯን አትቁጠሩባት፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት በሕክምና የሚረዳ ሕመም ስለሆነ፣ ቤተሰቧ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዳት ንገሩ።