ፕሪዝን ብሬክን ከ1ኛው ሲዝን በኋላ ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ? ላልከው

ጥያቄህን አየሁት። የዚህን የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም 1ኛ ሲዝን ጨርሰሃል፣ ወደኸዋል፤ ጓደኞችህ ግን "ከዚህ በኋላ ያለው ቆሻሻ ነው፣ እዚህ ላይ አቁም" ብለውሃል። ያያችሁት ምን ትላላችሁ፣ ስፖይል ግን አታድርጉብኝ ብለሃል። እስካሁን የተሰጠህ መልስ ግማሹ "ሁሉንም እየው"፣ ግማሹ "አትድከም" ነው። ምክንያቱን የነገረህ የለም።

እኔ ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ፊልም የሚጫንበት ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። በዲቪዲ ዘመን ጀምሬ ፍላሽ እስኪነግሥ ድረስ። ኮፒራይት የምትሉ አላችሁ፤ እሱን ሌላ ቀን እንነታረክበታለን። ድሬን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ቀትር ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤቱ ይገባል፣ ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል። ስለዚህ የኛ ገበያ የሚደራው ረፋዱ ላይ ነበር። ሁሉም ከሰዓት የሚያየውን አስጭኖ ይሄዳል። በማግስቱ ሲመጣ "ቀጣዩን ጫን!" ካለ ወዶታል። "ሌላ ምን አለ?" ካለ ነገሩ አልቆለታል። ከዚህ በላይ ሂስ አያስፈልግህም።

በዚህ መለኪያ የፕሪዝን ብሬክን 1ኛ ሲዝን የሚስተካከል አላየሁም። ለምን ብትል ብዙው ሰው "ንቅሳቱ ነው" ይልሃል። የእስር ቤቱን ፕላን ገላው ላይ ተነቅሶ የገባ ሰው ማንን አያስገርምም። እኔ ግን ሚስጥሩ ሌላ ይመስለኛል። 1ኛው ሲዝን ሰው በእጁ ሲሠራ የምታይበት ፊልም ነው። ማይክል መሐንዲስ ነው። እስር ቤት የገባው ወንድሙን ሊንከንን ሊያስመልጥ ነው፤ ሊንከን የሚገደልበት ቀን ተቆርጧል። ቦታው አንድ ነው፣ ግድግዳው የት እንደሆነ አንተም እንደሱ ታውቀዋለህ። ከዚያ በየክፍሉ አንድ እንቅፋት ይመጣል፣ አንድ መላ ይፈለጋል።

የብሎኑን ነገር አስታውስ። ማይክል ግቢው ውስጥ ካለው መቀመጫ ላይ አንድ ብሎን ይፈታል። ይነጠቃል፣ ያስመልሳል። ከዚያ ክፍሉ ቁጭ ብሎ ጫፉን ወለሉ ላይ እየፈተገ ስድስት ጎን ያለው መፍቻ ያደርገዋል። ይሄን ትዕይንት የሚወድ ደንበኛ ነበረን፣ ከምድር ባቡር ጋራዥ ጡረታ የወጣ መካኒክ። ዕድሜው የአባቴ ነው፤ ግን ድሬ ነውና አንተ ነበር የምንለው። "አይወጣም አቦ!" ይል ነበር። "ስድስቱ ጎን እኩል ካልሆነ ብሎኑን ይበላዋል እንጂ አይፈታውም። ደግሞ ሲሚንቶ ላይ በእጅ? ስንት ቀን?" ይህን ብሎ ሄዶ ያንኑ ክፍል ደግሞ ያየዋል። ሌላ የወንጀል ፊልም ስንሰጠው "ይሄ ሁሉ ጥይት፣ ሥራ የታለ?" ብሎ ይመልስልናል። እኔ ከእሱ የተሻለ የፊልም ሃያሲ አላጋጠመኝም።

የስኳር በሽታው ነገርም ያው ነው። ማይክል በሽታው የለበትም፤ ግን ማምለጫው በክሊኒኩ በኩል ስለሆነ አለብኝ ብሎ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ አንዲት ደንበኛችን ይሄን ሁሉ አትፈልገውም ነበር። "ዶክተሯ ያለችበትን ብቻ ለይተህ ጫንልኝ" ትለኛለች። እንዴት አድርጌ ልለይላት?

መሃል ላይ ይጎተታል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። መጀመሪያ የታዘዘው 13 ክፍል ብቻ ነበር፤ ተወዳጅ ሲሆን 22 ተደረገ። ፎክስ የሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲያሳየው በ2005 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር መጨረሻ 13ኛው ክፍል ላይ፣ ያ ሊያመልጡበት የነበረው ቱቦ ተቀይሮ ሲያገኙት አቁሞ አሜሪካኖቹን እስከ ማርች አስጠብቋቸዋል። እኛ ዲስክ መቀየር ብቻ ነበር የሚጠበቅብን። በሳምንት አንድ ክፍል ያየ ሰውና በአንድ በርጫ ሲዝኑን ግማሽ ያደረሰ ሰው አንድ ፊልም አላዩም። የሰው አስተያየት ስትሰማ መጀመሪያ እንዴት እንዳየው ጠይቀው።

2ኛውን ቆሻሻ ካሉህ ግን አትስማቸው። አዎ፣ እስር ቤቱ የለም፣ ሩጫ ነው። ግን ማሆን የሚባለው የኤፍቢአይ ሰው ይመጣል። ዊልያም ፊችነር ነው የሚሠራው። ይህ ሰው የማይክልን ንቅሳት እንደ ማይክል ያነባል። የኛ ሰው "አክተሩ አይሞትም፣ አክተሩ አይያዝም" ብሎ ዘና ብሎ ነው የሚያየው። ማሆን ሲመጣ ያ ዘና ማለት ቀረ። ሱቁ ውስጥ ማሆንን የሚደግፉና ማይክልን የሚደግፉ ተለያይተው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ለአንድ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ? ከእስረኞቹ አንዱ፣ ክፉው ቲ-ባግም አለልህ። ሁሉም ይጠላዋል፣ ግን እንዲሞት የሚፈልግ የለም። የኛው "ሰው ለሰው" ላይ አበበ ባልቻ የሠራውን አስናቀን እንዴት እየተራገምን እንደምንጠብቀው አስታውስ። እኛ ሰፈር እንደውም ቲ-ባግ የሚል ስም የወጣለት ባለባጃጅ ነበር፤ ምን አድርጎ እንደወጣለት አልናገርም።

3ኛው ላይ ነው ሰው መለያየት የጀመረው። ፓናማ ውስጥ ሶና የሚባል እስር ቤት ነው፤ ጠባቂዎቹ ውጪ ናቸው፣ ውስጡን እስረኛው ራሱ ይገዛዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን በ2007 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር የሆሊውድ ጸሐፊዎች ሥራ አቆሙና ሲዝኑ በ13 ክፍል ተቀጨ። ጥድፊያው ይታወቃል። ቢሆንም አጭር ነው፤ ማሆንንና ቲ-ባግን ከወደድክ እየው።

4ኛውን እኔ አልወደውም፤ የሚወዱትን ግን አልከራከርም። ሲላ የሚባል ነገር ፍለጋ ነው፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ይከዳል፣ ትናንት ጠላት የነበረው ዛሬ ቡድን ውስጥ ነው። ማንነቱን አልነግርህም፤ ሞተ የተባለ ሰውም ይመለሳል። ሱቁ ላይ ያስተዋልኩት ይሄን ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቢሞት የሚያዝን ጠፋ። "ቆይ ይመለሳል" ይሉሃል። የሚገደልበት ቀን የተቆረጠለት ሰው ነው 1ኛውን ሲዝን እንደዚያ ያስጨነቀህ። ሞት የማይታመንበት ፊልም ምን ያስጨንቃል? የስፔኑ የዝርፊያ ተከታታይ ፊልም መኒ ሄይስትም ያለቀን ታሪክ ከመጎተት ጣጣ አላመለጠም። 15 ክፍል ሆኖ አልቆ ነበር፤ ኔትፍሊክስ ላይ ዓለም ሲወደው ቀጠሉት። የመጀመሪያውን ዝርፊያ ያክል ስለ ሁለተኛው የሚያወራ እኔ ጋ አልመጣም።

5ኛው በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ 9 ክፍል ብቻ ነው። ታሪኩ የመን፣ ሰንዓ ነው። ይሄኔ ድሬ ሌላ ዓይነት ተመልካች አገኘ። እዚህ ከተማ የመን ዘመድ የሌለው ቤት ስንት ነው? አንድ ጎረቤቴ ሰንዓ ኖሮ የመጣ ሰው ነው፣ አብረን አየነው። ገና በመጀመሪያው ክፍል "ይሄ ሰንዓ አይደለም" አለ። የሰንዓ አሮጌ ቤት ረጅም ነው፣ ጡቡ ላይ በነጭ ጄሶ ጌጥ ይሠራለታል፤ "የታለ እሱ?" አለ። እውነትም የየመን ትዕይንቶቹ የተቀረጹት ሞሮኮ ነው። የመን ጦርነት ላይ ስለነበረች እዚያ የሚታሰብ አልነበረም። ከዚያ ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ አይቶ "ዋላሂ በዚህ ሰዓት የሚሮጥ የመናዊ የለም፣ ሁሉም ተቀምጦ ነው የሚቅመው" ብሎ አሳቀን። ግን እስከ መጨረሻው አየው። ሲያልቅም "ቀጣዩ የለም?" ብሎ ጠየቀኝ። እንግዲህ በኔ መለኪያ ወዶታል ማለት ነው።

እኔ አንተን ብሆን 2ኛውን ሳልውል ሳላድር እጀምራለሁ፣ 3ኛውን እሞክራለሁ፣ 4ኛው ላይ ሲሰለቸኝ አቆማለሁ። 4ኛውን እስከ ዳር ካየህ ግን "ፋይናል ብሬክ" የሚባለውን እንዳታልፈው። ብዙ ሃርድ ዲስክ ላይ ራሱን እንደቻለ ፊልም ለብቻው ስለሚቀመጥ ሰው አያየውም። ታሪኩ የሚገባው የ4ኛው ሲዝን የመጨረሻ ክፍል ማብቂያ ላይ ከአራት ዓመት በኋላ ብሎ ከሚያሳይህ ትዕይንት በፊት ነው። እሱን ሳታይ 5ኛውን አትክፈት።