ሐኑካ፦ ስለ መብራቱ በዓል ጠይቃችሁኛል

ታኅሣሥ ሲቃረብ ስለ ሐኑካ የሚጠይቁኝ አንባቢዎች ይበዛሉ። ከአገር ቤት፣ ከእስራኤልና ከአሜሪካ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እነሆ።

ሐኑካ የአይሁድ ገና ነው እንዴ? (ከአዲስ አበባ)

አይደለም። የሚያገናኛቸው ወቅቱ ነው። ሐኑካ በዕብራውያን አቆጣጠር ኪስሌቭ 25 ይጀምርና ስምንት ቀን ይቆያል። ወሩ ጨረቃን ስለሚከተል በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ከፍ ዝቅ ይላል። በ2017 ታኅሣሥ 16 ማታ ነበር የተጀመረው፤ በ2018 ደግሞ ታኅሣሥ 5 ማታ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጠቀሰው የመቅደስ መታደስ በዓልም ይኸው ነው።

በሰማንያ አሐዱ ውስጥ ያለው መጽሐፈ መቃብያን ይህን ታሪክ ይዟል? (ከጎንደር)

ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። የእኛ መቃብያን ሌላ መጽሐፍ ነው። በእሱ ውስጥ ያለው ክፉ ንጉሥ ጺሩጻይዳን ነው፤ ሰማዕታቱም የብንያም ነገድ የሆነው የመቃቢስ ልጆች ናቸው። የሐኑካ ታሪክ ያለው ካቶሊኮችና የግሪክ ኦርቶዶክሶች በሚቀበሏቸው የመቃብያን መጻሕፍት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ167 ዓ.ዓ. የሶርያው ግሪካዊ ንጉሥ አንጥዮኮስ አራተኛ ግዝረትንና ሰንበትን ከለከለ፤ የኢየሩሳሌምንም መቅደስ በጣዖት መሥዋዕት አረከሰ። በሞዲዒን የሚኖር ማታትያስ የሚባል ካህን እምቢ ብሎ ከአምስት ልጆቹ ጋር ወደ ተራራ ሸሸ። እሱ ሲሞት ልጁ ይሁዳ ጦሩን መራ። በ164 ዓ.ዓ. ኢየሩሳሌም ሲገቡ የመቅደሱ በር ተቃጥሎ፣ ግቢው ዳዋ ለብሶ አገኙት።

እኔን ሁሌ የሚነካኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የረከሰውን መሠዊያ አፈረሱት፤ ድንጋዮቹን ግን አልጣሏቸውም። ምን እንደሚደረግባቸው የሚናገር ነቢይ እስኪመጣ ብለው በመቅደሱ ተራራ ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ ባልተጠረበ ድንጋይ አዲስ መሠዊያ ሠሩ። ሐኑካ ማለትም ምረቃ ነው።

የዘይቱ ተአምርስ? (ከአዋሳ)

የሊቀ ካህናቱ ማኅተም ያለባት አንዲት ማሰሮ ዘይት ተገኘች፤ ለአንድ ቀን የምትበቃው ዘይት ስምንት ቀን ነደደች። ይህን የሚተርከው የረቢዎች ትምህርትና ክርክር የተሰበሰበበት ታልሙድ ነው፤ የተጻፈውም ከድሉ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። እነዚያ የመቃብያን መጻሕፍት ስለ ዘይቱ ተአምር አያነሱም። ሁለተኛው መጽሐፍ ስምንት ቀን የተከበረው በተራራ ሲንከራተቱ ያለፋቸውን የዳስ በዓል በማሰብ እንደሆነ ይናገራል።

ይህ የዘይቱን ታሪክ በእኔ ዘንድ አያሳንሰውም። የማታትያስ ዘሮች መንግሥት አቋቁመው ነበር፤ እሱም በ63 ዓ.ዓ. ለሮም እጁን ሰጠ። ሕዝቡ ይዞት የዘለቀው መብራቱን ነው።

አያቴ አገር ቤት ሐኑካን አታውቅም ነበር። ልጄ "ታዲያ ያኔ አይሁድ አልነበርንም?" አለኝ። ምን ልበለው? (ከኔታንያ)

እህቴ፣ ነበራችሁ በይው፤ ቀና ብለሽ። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ የጠበቁት በኦሪት የተጻፉትን በዓላት ነው። ሐኑካ ደግሞ በኦሪት የለም፤ ከኦሪት በኋላ የመጣ በዓል ነው። ሰንበትን፣ ፋሲካን፣ የኃጢአት ስርየት ቀን የሆነውን አስተሥርዮን ግን በስንት መከራ ውስጥ ጠብቀዋል። ከአስተሥርዮ በኋላ በሃምሳኛው ቀን እየጾሙ ተራራ ወጥተው፣ ቄሶቹ ኦሪት እያነበቡ ኢየሩሳሌምን ይናፍቁ ነበር። ሲግድ የሚባለው ያ በዓል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው። ሐኑካን ከልጅሽ ጋር ስታበሩ አያትሽ ስለ ሲግድ ትንገረው።

የሐኑካ መቅረዝ ለምን መስኮት ላይ ይቀመጣል? (ከአዲስ አበባ)

ተአምሩን ላላፊ አግዳሚው ለማሳየት ነው። አደጋ ባለበት ዘመን ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ማብራት ይፈቀዳል። በ1931 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ኪል ከተማ የረቢ ፖዝነር ባለቤት ራሔል መቅረዛቸውን መስኮት ላይ አድርገው ፎቶ አነሱት። ከመንገዱ ማዶ የናዚ ባንዲራ ተሰቅሎ ይታያል። ከፎቶው ጀርባም ባንዲራው ለሚዝተው ሞት መብራቱ "ይሁዳ ለዘላለም ይኖራል" ብሎ እንደሚመልስ ጻፉ። ቤተሰቡ በ1933 ከጀርመን ወጣ፤ መቅረዙም አብሮ ወጣ።

የምንከባከባቸው አይሁዳዊት አሮጊት እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሻማውን እንዴት ላግዛቸው? (ከሜሪላንድ)

መቅረዙ ዘጠኝ ቦታ አለው። አንዱ ለየት ያለው ረዳቱ ሻማሽ ነው፤ ሌሎቹ የሚለኮሱት በእሱ ነው። በመጀመሪያው ማታ አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት እያልሽ ጨምሪ። ስትሰኪ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ሲለኮስ ግን ከአዲሱ፣ ማለትም ከግራ ይጀመራል። አንቺ ሰክተሽ አዘጋጂላቸው፤ ቡራኬውን እሳቸው ይበሉ፤ ሲለኩሱ ክንዳቸውን ደገፍ አድርጊላቸው። በዚያ ብርሃን አይነበብም፣ አይሠራም፤ ለማየት ብቻ ነውና የክፍሉን መብራት አታጥፊ። ከጨለመ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንደድ። ዓርብ ከሰንበት ሻማ በፊት ይለኮሳል፤ ስለዚህ ያን ቀን ረዘም ያለ ሻማ አዘጋጂ። ቅዳሜ ደግሞ ሰንበት እስኪወጣ ጠብቂ።