«የክረምት ጎማ» ለእኛ ክረምት አልተሠራም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሀዋሳ አቶቴ ነው፤ ሥራዬም ቡና መሰብሰብ ነው። ባለ ሁለት ጋቢና ሂሉክስ ፒክአፕ አለን። መኪናው በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ አለታ ወንዶና ወደ በንሳ ዳዬ፣ አንዳንዴም ወደ ሀገረ ሰላም ይወጣል፤ ሲመለስ ሰባት ስምንት ኩንታል ይጭናል። አሁን አራቱም ጎማዎች ሊሾ ሆነዋል። አንድ ነጋዴ አዲስ ኦል ቴሬን ጎማ (ለአስፋልትም ለኮሮኮንችም የሚሆን) አሳየን፤ ዋጋው ከበደን። ሌላ ሰው ደግሞ ከአውሮፓ ከመጣ መኪና ላይ የወለቁ አራት «የክረምት ጎማዎች» በግማሽ ዋጋ እሰጣችኋለሁ አለ። ጥርሳቸው ገና ሙሉ ነው። ሾፌራችን «ክረምቱ እየገባ ነው፣ ስማቸውም የክረምት ነው፣ ምን እንጠብቃለን?» ይላል። የትኛውን እንግዛ?
ወ/ሮ ሰ.፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ስለጠየቁኝ ደስ ብሎኛል። ኦል ቴሬኑን ይግዙ። ከሊሾ ወደ እነዚያ ጎማዎች መሄድ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ሾፌርዎን አይቆጡት። ያሳሳተው ቃሉ ነው። ፈረንጆቹ ወራቱን የሚጠሩበትን ስም እኛ «ክረምት» ብለን ተረጎምነው፤ የእነሱ ክረምት ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በረዶ የሚጋገርበት፣ መንገዱ መስታወት የሚሆንበት ጊዜ ነው። የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው። ጎማው የተሠራው ለእነሱ ብርድ እንጂ ለእኛ ዝናብ አይደለም። እኔ ብጠየቅ ስሙን «የውርጭ ጎማ» እለው ነበር፤ ያኔ ሀዋሳ ላይ የሚገዛው ሰው አይኖርም።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከላስቲኩ ነው። ከሁላ ወደ ሀዋሳ ገበያ የሚወርደውን ቅቤ ያስቡት። ጠዋት ደጋው ላይ ሲጫን ድንጋይ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ እኛ ዘንድ ሲደርስ በቅጠሉ ጠርዝ ይንጠባጠባል። የተለመደ ጎማም ብርድ ሲጠናበት እንደዚያ ይደርቅና መንገዱን መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ የውርጭ ጎማ ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ ይቀመማል። በእኛ ከተማ ቀን ላይ 7 ዲግሪ የት ይገኛል? ሀገረ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቷ ይቆረጥማል፤ መኪናዎ ግን ቡና የሚጭነው ቀን ነው። የካቲት ላይ ሀዋሳ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ አስፋልቱ ደግሞ ከአየሩ በላይ ሲግል፣ ያ ለስላሳ ላስቲክ ይልፈሰፈሳል። መሪው ይዋልላል፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ከሚጠበቀው በላይ ተጉዞ ይቆማል፣ ጥርሱም ቶሎ ያልቃል። በላዩ ስምንት ኩንታል ሲጨመርበት የባሰ ነው።

«ጥርሳቸው ገና ሙሉ ነው» ላሉኝ ደግሞ አንድ የደረሰብኝን ልንገርዎት። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የአንድ እርዳታ ድርጅት ሾፌር ነበርኩ። የተሰጠኝ ፒክአፕ ከውጭ የመጣው ከነውርጭ ጎማው ነበር፤ እኔም እንደ ሾፌርዎ በጥርሱ ብዛት ተማምኜ ነበር። ከሀገረ ሰላም ወደ አለታ ወንዶ ስወርድ፣ አስፋልት ባልነበረው ቁልቁለት ላይ፣ ከፊቴ ሁለት የተጫኑ አህዮች ወደ መንገዱ ገቡ። ፍሬን ያዝኩ። ጎማው መዞር አቆመ፤ መኪናው ግን መሄዱን አላቆመም። ወደ ጎን እየተንሸራተተ ሄዶ የአንድ ገበሬ የእንሰት ጓሮ አጥር ላይ አረፈ። ሰውም እንስሳም አልተጎዳም፤ ለዚህ ዛሬም ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ወርጄ የፊት ጎማውን በእጄ ዳሰስኩት። ልሙጥ ነበር። ያ ሁሉ በምላጭ የተተለተለ የሚመስል ቀጭን ስንጥቅ በቀይ ጭቃ ተደፍኖ የምጣድ ጀርባ መስሏል። ጭቃውን በጥፍሬ ስፍቀው ጥርሱ ከሥር አለ፣ አንድም አላለቀም። እነዚያ ቀጫጭን ስንጥቆች በረዶን ይነክሳሉ፤ የሲዳማ ቀይ አፈር ግን ይሞላቸዋል፣ ከሞላቸው በኋላም አይለቃቸውም።

ኦል ቴሬን ጎማ በዚህ በኩል ሌላ ነው። ጥርሶቹ ትልልቅ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን ወደ ውጭ ይወረውራል። ላስቲኩ ጠንከር ያለ ነው፣ የኮሮኮንች ድንጋይ ቶሎ አይቆርሰውም። ብዙዎቹ ጎናቸውም ወፍራም ነው፤ ጎሚስታ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከገጠር መንገድ የሚመጣልኝ ጎማ አብዛኛው የተቀደደው ከጎኑ ነበር፣ የጎን ቅዳድ ደግሞ ተለጥፎ አይታመንም። ጉድለትም አለበት፦ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ነዳጅም ትንሽ ይጨምራል። ጥልቅ ማጥ ውስጥ ከገቡ ደግሞ እሱም ይሰምጣል፤ ተአምር አይጠብቁበት። «ታዲያ ለጭቃ ብቻ የተሠራውን ኤም.ቲ. ግዙ» የሚልዎ አይጠፋም። ከሀዋሳ እስከ አለታ ወንዶ አስፋልት ስለሆነ አይመከርም፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል፣ ቶሎም ያልቃል።

ሲገዙ ስሙን ትተው ጎኑን ያንብቡ። በመኪናዎ ሞዴል ላይ በብዛት የሚገኘው ልክ 265/65 አር 17 ነው፤ የእርስዎን ከሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ካለው ወረቀት ያረጋግጡ። ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈውን ቁጥር ሰው ሁሉ ያልፈዋል፤ ለእርስዎ ግን ዋናው እሱ ነው። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ 116 ከሆነ 1,250፣ 120 ከሆነ 1,400 ኪሎ። ቡናው የሚያርፈው የኋላ ጎማዎች ላይ ስለሆነ በወረቀቱ ከተጻፈው ያነሰ ቁጥር ያለው ጎማ በነጻ ቢሰጥዎት እንኳ አይቀበሉ። ከዚያ በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉትን አራት አኃዞች ይፈልጉ። 3519 የሚል ካገኙ ጎማው የተሠራው በ2019 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት፣ በእኛ ነሐሴ 2011 መጨረሻ ገደማ ነው። ያ ሰው ያቀረበልዎትን ጎማዎችም በዚህ ይፈትሹ፤ ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ ላስቲኩ አርጅቶ ሊሆን ይችላል።

ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ምልክት ካዩ ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። አንዳንድ ኦል ቴሬኖችም ይህ ምልክት አላቸው፤ ስለዚህ ምልክቱን ብቻ አይተው አይሽሹ። ኤም እና ኤስ የሚሉት ሁለት ፊደላት ግን ጭቃና በረዶ ለማለት ቢሆኑም የሚመሰክሩት ስለ ጥርሱ ቅርጽ ነው፤ በበረዶ ላይ ስለመፈተኑ አይናገሩም።

ዋጋው ከከበደዎት ልኩና የመሸከም ቁጥሩ የተሟላ፣ ስሙ ያልገነነ ኦል ቴሬን ይፈልጉ። ሁለት ከዚህ ሁለት ከዚያ አድርገው ግን አይቀላቅሉ። የጎማዎቹ ቁመት ከተለያየ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረውን ማርሽ ባስገቡ ቁጥር ካምቢዮውን ይጎዳል፤ የካምቢዮ ጥገና ደግሞ ከአራት ጎማ ዋጋ ይበልጣል። ነፋሱን ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ በወረቀቱ ልክ ያስሞሉ፤ ለጭነት የተለየ ቁጥር ካለ በዚያው ይሂዱ። ሾፌሩ ጭቃ ለመውጣት ነፋስ ካስተነፈሰ አስፋልት ሳይደርስ መልሶ ይሙላ። ጭነት ያለበት የላላ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ከውስጥ ይግላል፣ ከዚያም ይፈነዳል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ካናዳ ሞንትሪያል ፒክአፕ ገዝቷል። ኦል ቴሬን ጎማ ስላለው የክረምት ጎማ አያስፈልገኝም ይላል። ልክ ነው?
መምህር ደ.፣ ከሀዋሳ ታቦር

መልስ፦ እዚያ ነገሩ ይገለበጣል። ሞንትሪያል ያለችበት የኬቤክ ክፍለ ሀገር ሕግ ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 15፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ መኪናው የክረምት ጎማ እንዲኖረው ያስገድዳል። የወንድምዎ ኦል ቴሬን ከላይ ያልኩት የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ካለው ሕጉን ያሟላል፤ ከሌለው ይቀጣል። ምልክቱ ቢኖረውም የተጋገረ በረዶ ላይ ፍሬን ለመያዝ ለብርድ ተብሎ የተሠራው ጎማ ይበልጠዋል። የጎማውን ጎን ፎቶ አንስቶ ይላክልዎትና አብረን እናንብበው።