ድምር የተባለው ተማሪዬ

መምህርት፣ ጥያቄዎን ሳነብ የራሴ መስከረም ትዝ አለኝ። ከመዝገብ ቤት በኤክሴል የተሰጠዎትን የሦስት ክፍል ስም ዝርዝር ወደ ነጥብ መመዝገቢያው ፕሮግራም ሲያስገቡ ስሞቹ የጥያቄ ምልክት ሆኑብዎት፤ ደግመው ሲያስገቡት ደግሞ ግማሹ ተማሪ ሁለት ሁለት ጊዜ ተመዘገበ። «ትቼው በእጄ ልጻፈው ወይ?» ብለዋል። አይጻፉት። ፕሮግራሙን ግን ለጊዜው ይተዉትና ወደ ዝርዝሩ ይመለሱ፤ እኔ ሁለት ዓመት ፕሮግራሙን ስወቅስ ኖሬ ጥፋቱን ያገኘሁት እዚያ ነው።

የማስተምረው በአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ አልቀው ማሳው በሚጀምርበት ነው። ሒሳብ፣ አራት ክፍል፣ በየክፍሉ ስድሳ ተማሪ ገደማ።

መጀመሪያ የጥያቄ ምልክቱ። ኤክሴል ፋይሉን ሲያስቀምጥ ሲኤስቪ የሚባሉ (ዝርዝሩን በኮማ ለያይተው በተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጡ) መልካቸው የሚመሳሰል አማራጮች ያቀርባል። ተራው ሲኤስቪ የግዕዝ ፊደልን ስለማያውቅ በያንዳንዱ ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። ከዚያ ፋይል ስሙን መልሶ ማውጣት አይቻልም፤ ጠፍቷል። ወደ ዋናው የኤክሴል ፋይል ይመለሱና «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መርጠው እንደገና ያስቀምጡ፤ ዩቲኤፍ-8 የግዕዝንም ፊደል የሚያውቅ የአቀማመጥ ዘዴ ነው። በጥያቄ ምልክት ፈንታ ጭረትና ነጥብ ያለባቸው እንግዳ የላቲን ፊደላት ቢያዩ ግን ደስ ይበልዎት፤ ስሞቹ ደኅና ናቸው፣ የሚያነባቸው ነው የተሳሳተው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል በሦስት ባይት (በሦስት የኮምፒውተር ቁራጭ) ስለሚቀመጥ «ጫልቱ» ወደ ዘጠኝ ምልክት ተዘርዝራ ትታያለች፤ የክፍሉም ስም ሁሉ ጭረት ባለባት በአንዲት «ኤ» ይጀምራል። ይህ ሲገጥም ፋይሉን ሁለቴ ተጭነው አይክፈቱት። ኤክሴል ውስጥ ዳታ ከሚለው ዝርዝር ገብተው ከጽሑፍ ፋይል አስመጣ የሚለውን ይምረጡ፤ የፋይሉን ምንጭ ሲጠይቅዎት 65001 የሚለውን ይስጡት፤ የዩቲኤፍ-8 መለያ ቁጥር ነው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ዝርዝሩ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ባልሆነ በአሮጌው የአማርኛ መጻፊያ በቪዥዋል ግዕዝ ተጽፎ ከሆነ በኤክሴል ላይ ንጹሕ አማርኛ ይመስላል፤ ሲገባ የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ይሆናል። ስሞቹን መርጠው ፎንቱን ወደ አሪያል ይቀይሩት። አማርኛ ሆነው ከቀሩ ዩኒኮድ ናቸው። ከተተራመሱ፣ እዚህ ላይ ብቻ፣ በእጅ መጻፉ ይቀላል፤ የአንድ ክፍል ስም የአንድ ምሽት ሥራ ነው፣ መብራት ካለ።

ስሞቹ ከተነበቡ በኋላ የሚመጣው ጣጣ የእኛው የራሳችን ነው። ፕሮግራሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የለንም። የተማሪውን ስም በመጀመሪያው ዓምድ፣ የአባትና የአያቱን አብረው በሁለተኛው ያድርጉ። አንዳንዱ ፕሮግራም በሁለተኛው ዓምድ ስለሚደረድር ልጆቹን በአባታቸው ተራ ሲጠራ ያገኙታል፤ ማስተካከያው ውስጥ በመጀመሪያው ስም ደርድር ይበሉት። ሙሉ ስሙን በክፍት ቦታ ከፋፍል ብለው ሲያዙት ደግሞ «ኃይለ ማርያም ተስፋዬ» ኃይለ የሚባል የማርያም ልጅ ይሆናል። ስለዚህ ከመከፋፈልዎ በፊት ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ወለተ የሚሉትን ፈልገው ከተከታያቸው ጋር ያጣብቋቸው።

የመዝገብ ቤት ዝርዝር የሚዘጋጀው ታትሞ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ነው። ከላይ የትምህርት ቤቱ ስም በተዋሐዱ ሳጥኖች፣ ከታች ደግሞ «ወንድ 29፣ ሴት 34፣ ድምር 63» የሚል ረድፍ አለው። ይህን ሳላጠፋ አስገብቼ «ድምር» የሚባል ተማሪ አንድ ሳምንት ሙሉ ቀሪ ስለው ከርሜአለሁ። የመጀመሪያው ረድፍ የዓምዶቹ ርዕስ፣ ከዚያ በታች ተማሪ ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ እጥፉ ልመለስ። ፕሮግራሙ ተማሪን የሚለይበት ቁጥር ካልሰጡት በስም ይለያል፤ ለኮምፒውተር «ሐና» እና «ሀና»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከስሙ በኋላ ያለች አንዲት የማትታይ ክፍት ቦታም ሁለተኛ ሰው ትወልዳለች። በኦሮምኛ ቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል፣ የተጻፉ ስሞች ካሉዎትም ይኸው ነው፤ ጫልቱ በቁቤ «ሲ» ብላ ትጀምራለች፣ በተለመደው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ደግሞ «ኤች» ይጨመርባታል። ፊደሉን ሁሉ አስተካክሎ መጨረስ አይቻልም። የሚያዋጣው እያንዳንዱን ተማሪ በትምህርት ቤቱ መለያ ቁጥር ማስገባት ነው። ተራ ቁጥር አላልኩም፤ ተራ ቁጥር ይለወጣል። ቁጥሩ በዜሮ የሚጀምር ከሆነም ዓምዱን አስቀድመው ጽሑፍ ነው ይበሉት፤ አለዚያ 0047 ተበልቶ 47 ይሆናል።

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። እኛ ጋ ቤት የደረሰው ቤተሰብ ዓመቱ ከተጀመረ በኋላም ስለሚገባ እስከ ኅዳር አዲስ ተማሪ ይመጣል። አንድ ጥቅምት ላይ ሄለን የምትባል ልጅ ተዛውራ መጣች፤ መዝገብ ቤትም እሷን ጨምሮ በፊደል ተራ አዲስ ዝርዝር ሰጠኝ። የስሙን ዓምድ ብቻ ቀድቼ በአሮጌው ላይ ለጠፍኩት። ሄለን አራተኛ ላይ ገባች፤ ከእሷ በታች ያለው ስም ሁሉ አንድ ረድፍ ወረደ፤ ውጤቱ ግን ባለበት ቆመ። ከ30 28 ያመጣ ልጅ ከእሱ በታች የነበረውን ልጅ 11 ወረሰ። እኔ ምንም አላየሁም። እናቱ የታረመውን የፈተና ወረቀት በፌስታል ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው ጣታቸውን 28 ላይ አሳረፉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ያን ቀን እስከ ምሽት የስድሳ አንድ ልጅ ውጤት ከወረቀት ጋር አመሳከርኩ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ዝርዝሩን እንደገና አላስገባም፤ አንዱን ልጅ ብቻ በእጄ እጨምራለሁ። የለቀቀውንም አልሰርዝም፣ ለቋል ብዬ አቆየዋለሁ፤ ተመልሶ የሚመጣ አለ።

የወላጅ ስልክና የልደት ቀን ዓምዶችን ሳያስገቡ ያጥፏቸው። ለነጥብ አያስፈልጉም፤ ስልኩ የሰው ገመና ነው፤ የልደት ቀኑን ደግሞ ኤክሴል እንደ ፈረንጅ ቀን ስለሚያነብ በ5/13 የተጻፈች የጳጉሜን 5 ልጅ ሜይ 13 ላይ ትወለዳለች።

አሁን የገባውን እጥፍ ዝርዝር፣ ውጤት ካልመዘገቡበት፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍተው በሦስት ተማሪ ብቻ ይሞክሩ፤ አንዱ ኃይለ ማርያም ዓይነት ስም ያለው ይሁን። አሁንም እምቢ ካለዎት የፕሮግራሙን ስምና የዓምዶቹን ርዕስ ብቻ እዚህ ይጻፉልኝ፤ የልጆቹን ስም አይላኩ።