የመርከቡን ቋንቋና የወደቡን ቋንቋ ሳታውቁ አትሳፈሩ

ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ከተማ የመርከበኝነት ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ የመጀመሪያ ኮንትራታችሁን የምትጠብቁ ወጣቶች ባገኛችሁኝ ቁጥር የምትጠይቁኝ ስለ ደመወዝና ስለ ማዕበል ነው። ደመወዙን ቀጣሪዎቻችሁ ይነግሯችኋል፤ ማዕበሉንም ስትደርሱበት ታዩታላችሁ። ዕድሜዬን በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝና ሌላው የማያነሳላችሁን ላንሳላችሁ። የምትሄዱበት ቦታ በወረቀት የሚሠራበትን ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ሰዉ የሚኖርበትን ቋንቋ አስቀድማችሁ እወቁ። ለዚህ ምሳሌ የፊሊፒንሱ ታጋሎግና የባርሴሎናው ካታላንኛ ይበቁኛል።

ታጋሎግን ለመስማት ፊሊፒንስ መሄድ አይጠበቅባችሁም፤ መርከባችሁ ላይ ቀድሟችሁ ተሳፍሯል። የዓለም የንግድ መርከብ ያለ ፊሊፒናዊ እጅ ብዙም አይንቀሳቀስም። የሥራው ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ነው። መመገቢያ ክፍል ስትገቡ ግን ሩዙ ቀርቦ፣ ካራኦኬው ተከፍቶ ጨዋታው በታጋሎግ ደርቷል። ጆሮ ከሰጣችሁት ደግሞ ሌላም ነገር ትሰማላችሁ። ከፊሊፒንሷ ኢሎኢሎ የመጣው ሞተረኛ ከአገሩ ልጅ ጋር ሲሆን የሚያወራው በአካባቢው ቋንቋ በሂሊጋይኖን ነው። ወጥ ቤቱም የሴቡ ደሴት ልጅ ሲያገኝ በደሴቲቱ ቋንቋ በሴብዋኖ ይሳሳቃል። ከማኒላ የመጣ ሦስተኛ ሰው ሳህኑን ይዞ አጠገባቸው ሲቀመጥ ግን፣ ማንም ማንንም ሳይለምን፣ ወሬው ወደ ታጋሎግ ይዞራል። እኔ በመጨረሻዎቹ ዓመታት “ኩያ” እየተባልኩ፣ ማለትም ታላቅ ወንድም ተብዬ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። አንድ ቫልቭ ሊያስቸግር ሲል መጀመሪያ የሚወራው እዚያ ነው፤ ሪፖርት ላይ የሚጻፈው በኋላ ነው። ስለዚህ ትንሽም ቢሆን ተማሩት።

በትውልድ ቦታው ታጋሎግ የማኒላና የአካባቢዋ ቋንቋ ነው፤ የቡላካን፣ የካቪቴ፣ የላጉና፣ የባታንጋስ፣ ባሕር ተሻግሮም የማሪንዱኬና የሚንዶሮ። እ.ኤ.አ. በ1937 ፕሬዚዳንት ማኑዌል ኬዞን የብሔራዊ ቋንቋው መሠረት ታጋሎግ እንዲሆን አወጁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ብሔራዊውን ቋንቋ “ፊሊፒኖ” ይለዋል፤ ንግግሩ ግን በአብዛኛው ያው ታጋሎግ ነው። ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሴቡ ተወላጅ ፊት አትድገሙት፤ ክርክሩ እስከ ፈረቃ ለውጥ አያልቅም።

ታጋሎግን ከፊሊፒንስ ደሴቶች ያስወጣው የሰው ጉልበት ነው። በ1974 የወጣው የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ ዜጎችን ወደ ውጭ አገር ሥራ መላክን የመንግሥት ጉዳይ አደረገው። ከዚያ በኋላ ቋንቋው ነርሷን፣ የቤት ሠራተኛዋንና ግንበኛውን ተከትሎ ሄደ። እሑድ እሑድ የሆንግ ኮንግ መሀል ከተማ ካርቶን አንጥፈው በተቀመጡ ፊሊፒናውያት ይሞላል። በሪያድ፣ በኩዌትና በዱባይ ትሰሙታላችሁ፤ በእነዚሁ ከተሞች አንድ ማድቤት ውስጥ ከፊሊፒናዊት ጋር የሠራች እህት ወይም አክስት ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ ጠይቋት። በሮምና በሚላን፣ በካናዳዋ ዊኒፔግ፣ በካሊፎርኒያም አለ። በአሜሪካ ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በቤታቸው ይናገሩታል።

የካታላንኛ ታሪክ ከዚህ ይለያል። እዚያ ሰዉ ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ ድንበሩ ነው በላዩ የተመላለሰበት። ዘጠኝና አሥር ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ይናገሩታል፤ ግን አራት አገር ውስጥ ተከፋፍለው ነው። ስፔን ውስጥ በካታሎኒያ፣ በማዮርካ፣ በሜኖርካና በኢቢዛ ደሴቶች፣ እንዲሁም በቫሌንሲያ ይነገራል። የቫሌንሲያ ሰው ቋንቋዬ ቫሌንሲያንኛ ነው ይላችኋል፤ የቋንቋ ምሁራን አንድ ነው ቢሉም፣ ወደብ ላይ ዕቃ የሚያወርድላችሁን ሰው ማረም የእናንተ ሥራ አይደለም። በ1659 ፈረንሳይና ስፔን በፒሬኔ ስምምነት ድንበር ሲያበጁ ፐርፒኛንና ዙሪያዋ ወደ ፈረንሳይ ዞሩ፤ ዛሬ እዚያ የገነነው ፈረንሳይኛ ነው። ጣልያን ውስጥ ደግሞ የሰርዲኒያዋ አልጌሮ አለች። ካታሎኒያንም ይገዛ የነበረው የአራጎኑ ንጉሥ አራተኛው ፔድሮ በ1354 ከተማዋን ይዞ ነዋሪዎቿን በካታላኖች ተካቸው፤ ቋንቋው ቢሳሳም ዛሬም አለ። ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ የሆነው ግን በተራራማዋ አንዶራ ብቻ ነው።

የካታሎኒያ ዋና ከተማ ባርሴሎና ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በስፔኑ አምባገነን በፍራንኮ ዘመን፣ ከ1939 እስከ 1975፣ ካታላንኛ ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ቢሮ ተባርሮ ነበር። ዛሬ የክሬን ሠራተኛውን በስፔንኛ ብታናግሩት በደስታ ይመልስላችኋል፤ አብዛኛው ሰው ሁለቱንም ያውቃል። “ቦን ዲያ” ብላችሁ፣ ማለትም በካታላንኛ ሰላምታ ሰጥታችሁ የጀመራችሁ እንደሆነ ግን ከጓዶቹ ጋር የያዘውን ወሬ አቋርጦ ዞር ብሎ ያያችኋል። ከስፔን ስለ መነጠል የነጻነት ጥያቄያቸው አስተያየት አትስጡ፤ ያ የእነሱ ጉዳይ ነው።

እዚያው ከተማ ሁለቱ ቋንቋዎች ተገናኝተዋል። ከወደቡ ወጥታችሁ ከኮሎምበስ ሐውልት በራምብላ ጎዳና ሽቅብ ስትሄዱ በስተግራ የምታገኙት ሰፈር ራቫል ይባላል፤ ብዙ ፊሊፒናውያን የሚኖሩት እዚያ ነው። ባርሴሎና ለእነሱ አዲስ አይደለችም፤ ያኔ በስፔን ቅኝ ግዛት ሥር ለነበረችው አገራቸው መብት የታገሉ ፊሊፒናውያን ላ ሶሊዳሪዳድ የተባለውን ጋዜጣቸውን የጀመሩት በ1889 በዚችው ከተማ ነው፤ ጽሑፉ ግን በስፔንኛ ነበር። ዛሬ የራቫል ልጅ እናቱን በታጋሎግ ያናግራል፣ ትምህርቱን በካታላንኛ ይማራል፣ ኳስ ሜዳ ላይ በስፔንኛ ይጣላል። መርከባችሁ ዕቃ እስክታራግፍ ፈቃድ ካገኛችሁ አንዱን ፊሊፒናዊ ባልደረባችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከቱሪስቱ መንገድ ምግቡ ይረክሳል፣ ይጣፍጣልም።