ዳገት ላይ ድርግም የሚለው የባጃጅ ባትሪ

አንድ የአዳማ ወጣት ጽፎልኛል። 16 የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴል ገዝቶ ለኤሌክትሪክ ባጃጅ ባትሪ ገጥሟል። ሜዳ ላይ ጥሩ ይሄዳል። ሦስት ሰው ጭኖ ዳገት ሲጀምር ግን ድርግም ይላል፤ ቆም ሲል ይመለሳል። ቢኤምኤሱ (የእያንዳንዱን ሴል ቮልት እያየ ባትሪውን የሚጠብቀው ሰርኪዩት) ሁለቴ ተቀይሯል፤ ለውጥ የለም። አሁን ጋራዥ «ቢኤምኤሱን ዘለን በቀጥታ እናገናኘው» ብሎታል።

ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳታደርገው! ጠባቂው ከሌለ ደካማው ሴል እስኪያብጥ ይመጠጣል። ደግሞ ጥፋቱ የቢኤምኤሱ አይመስለኝም። እኔ የምጠረጥረው ባስባሩን፣ ማለትም ሴሎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ጠፍጣፋ ማገናኛ ነው። አንዱ ጋ ብሎን ላልቷል፣ ወይም አቧራ ገብቶበታል።

ለምን ቆሞ ሲለካ ደህና ይመስላል? ይህን በደንብ ያዝልኝ። የላላው መገጣጠሚያ 0.01 ኦም ብቻ ቢኖረው እንኳ፣ ዳገት ላይ 80 አምፔር ሲያልፍበት 0.8 ቮልት እዚያው ይቀራል። የቢኤምኤሱ ሽቦ ባስባሩ ላይ ስለታሰረ፣ 3.2 ቮልት ያለውን ሴል 2.4 ብሎ ያነበዋል። ከመቁረጫ ገደቡ ከ2.5 ስለወረደም ኃይሉን ይቆርጣል። ስትቆም አምፔሩ ይጠፋል፤ ኪሳራውም አብሮ ይጠፋል። ዳገት ላይ ሳለህ ግን ያቺ ብሎን 64 ዋት ሙቀት ታወጣለች፤ የብየዳ ካውያ ያህል ማለት ነው።

ስለዚህ ዳገት ወጥተህ ወዲያው ክፈተው። ከሌሎቹ ይበልጥ የሞቀው መገጣጠሚያ ጥፋተኛው ነው። ከመንካትህ በፊት ቀለበትና ሰዓት አውልቅ። የብሎን መፍቻ ቁልፉንም ከአፉ በቀር በናስትሮ ጠቅልለው። ሁለት የሴል ጫፍ ላይ ከወደቀ ቀልጦ ይበየዳል።

ባስባሩን በማግኔት ሞክረው። አጥብቆ ከያዘው ብረት ነው፤ መዳብ ብለው የሸጡልህ ላዩን የተቀባ ርካሽ ነገር ነው፤ ጣለው። እንዲህ ያለው ዕቃ ነው እዚህ አገር የተገጠመ ባትሪ ሁሉ ስሙ እንዲጠፋ የሚያደርገው። በጣም ያናድደኛል፤ ልጆቹ ደክመው የሠሩት ሥራ በአንድ ቁራጭ ብረት ይሰደባል።

እውነተኛ መዳብ ከሆነ ሁለቱንም ፊት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እሸው፣ በአልኮል ጥረገው፣ ሁሉንም ብሎን እኩል አጥብቅ። የሴሉ ጫፍ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ የብሎኑ ጥርስ ቶሎ ይበላል፤ አትጨክንበት።

ከዚያ በኋላም ዳገት ላይ ያው ሴል ብቻ ከወረደ፣ ሴሉ ራሱ ደክሟል። አቅሙ የሚመሳሰል ፈልገህ፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል ቮልት ላይ አድርሰህ እሱን ብቻ ቀይር። ያኔም ቀለበትህን አውልቅ።