በእንግሊዝኛ የቀለም ቃላት ስም ናቸው፣ ቅጽል ወይስ ግሥ? ጥያቄና መልስ

በደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ስለ ቀለም ቃላት ከየአቅጣጫው የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ከቡሬ፣ መምህር፦ «ሬድ» ስም ነው ወይስ ቅጽል? መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ይላል፤ የትኛውን ላስተምር?

ሁለቱንም ያስተምሩ። የቃል ክፍሉን የሚወስነው ቃሉ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። «ኤ ሬድ ፔፐር» ሲባል በርበሬውን ስለሚገልጽ ቅጽል ነው፤ «ሬድ ኢዝ ማይ ፌቨሪት ከለር» ሲባል ግን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ስለሆነ ስም ነው። ተማሪዎችዎ ከተጠራጠሩ ይፈትኑት፦ «ቬሪ ሬድ» ወይም «ሬደር» ማለት የሚቻለው ቅጽል ሲሆን ብቻ ነው፤ «ሬድስ» ተብሎ የሚበዛው ግን ስሙ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፣ ተማሪ፦ መምህር፣ «ቀዩን ስጠኝ» ለማለት «ጊቭ ሚ ዘ ሬድ» ብዬ ተሳሳትሽ ተባልሁ። ለምን?

በአማርኛ ቅጽሉ ራሱ «ቀዩ»፣ «ቀይዋ» እየተባለ በስም ቦታ ይቆማል። እንግሊዝኛው ግን ስሙ ሲቀር «ዋን» የሚል ተተኪ ስለሚፈልግ «ጊቭ ሚ ዘ ሬድ ዋን» ትያለሽ። በዚያው «ሬድ ከለር ሸርት» ማለትንም ተዪ፤ «ሬድ ሸርት» ይበቃል። ይህ በየትምህርት ቤታችን ሥር የሰደደ ስሕተት ነው።

ከሞጣ፦ «ሬደን» የሚል ግሥ ካለ «ግሪነን» ለምን የለም?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህን ወድጄዋለሁ። ከቅጽል ግሥ የሚያወጣው «ኤን» የተባለው ድኅረ ቅጥያ የሚጣበቀው እንደ «ት»፣ «ድ»፣ «ክ» እና «ፍ» ባሉ፣ የአየሩ መውጫ በሚዘጋባቸው ወይም እጅግ በሚጠብባቸው ድምፆች ላይ ነው፤ ስለዚህ «ብላከን»፣ «ዋይተን» እና «ሬደን» ተገኙ። «ግሪን» እና «ብራውን» አየሩ በአፍንጫ በሚያልፍበት «ን»፣ «ብሉ»፣ «ዬሎው» እና «ግሬይ» ደግሞ በአናባቢ ስለሚያልቁ ቅጥያውን አይቀበሉም። ይህ ማለት ግን ግሥ አይሆኑም ማለት አይደለም፤ ያለ ቅጥያ እንዳሉ ይሆናሉና። ጠጉር ሲሸብት «ግሬይ» ይባላል፤ እኛ ወጥ ስንሠራ ሽንኩርቱ «እስኪቀላ» የምንለውን የእንግሊዝኛ የምግብ አሠራር መመሪያ «ብራውን ዘ አንየንስ» ብሎ ያዝዛል።

የሚገርመው አማርኛም በተለምዶ ግሥ ያለው ለእነዚያው ለሦስቱ መሆኑ ነው፦ ጠቆረ፣ ነጣ፣ ቀላ። ሰማያዊ ከሰማይ፣ ቡናማ ከቡና የወጡ ስለሆኑ «ሆነ» የሚል ረዳት ይፈልጋሉ። በርሊንና ኬይ የተባሉ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ቋንቋ ሦስት መሠረታዊ የቀለም ቃላት ብቻ ካሉት ጥቁር፣ ነጭና ቀይ እንደሚሆኑ ጽፈዋል። የእንግሊዝኛው ምክንያት ግን የድምፅ ጉዳይ ስለሆነ ሁለቱን ባንደባልቃቸው ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ «ሬደን» የሚስማማው ይበልጡን ለፊትና ለሰማይ ነው። ማሳ ላይ ያለው ቃሪያ ሲቀላ «ተርንድ ሬድ» ማለት ይቀላል።

ከደጀን፦ «ፔይንት ዘ ዶር ግሪን» ሲባል «ግሪን» ተውሳከ ግሥ ነው?

አይደለም፤ ቅጽል ነው። የሚናገረው በሩ ከተቀባ በኋላ ምን እንደሆነ እንጂ አቀባቡ እንዴት እንደነበረ አይደለም። «ኩዊክሊ» ቢባል ኖሮ አቀባቡን ስለሚገልጽ ተውሳከ ግሥ ይሆን ነበር።

ከዳንግላ፦ «ኦሬንጅ» ቀድሞ የፍሬው ስም ነው ወይስ የቀለሙ?

የፍሬው። ለቀለም መጠሪያነት የዋለው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

ከእንጅባራ፦ «ብላክ ቢግ ሆርስ» ብል ምን ችግር አለው?

መጠን ከቀለም ስለሚቀድም «ቢግ ብላክ ሆርስ» ይበሉ። ስለ ኮርቻውም ለመናገር ከፈለጉ መጠን፣ ዕድሜ፣ ቀለም፣ ከዚያም የተሠራበት ነገር ይከተላል፦ «ኤ ቢግ ኦልድ ብላክ ሌዘር ሳድል»።